ሸንኮራው ካበቃ በኋላ፦ በሴንት ኪትስ ደሴት የአንድ ቀን ጉብኝት የጉዳይ ጥናት

በካሪቢያን ባህር በመዝናኛ መርከብ የሚዞር ሰው በየወደቡ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ያገኛል። ደሴቷን በአስጎብኚ ይዩ፣ ከዚያ ባህር ዳርቻ ይዝናኑ ይላል። ሚኒባስ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ሦስት አራት ቦታ መቆም አለ፣ መጨረሻ ላይ ዋና አለ። አንቲጓም ሆነ ባርቤዶስ ነገሩ ያው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዋናው ነው። የቀረውን ወደ ውሃው የሚያደርስ መንገድ አድርጎ ነው የሚያየው።

እዚህ የማነሳው ሴንት ኪትስን ነው። ይህች ደሴት ከ300 ዓመት በላይ የኖረችበትን የስኳር ሥራ በ2005 ዘጋች። ከዚያ ያንኑ መሬት፣ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ የባቡር ሃዲድ ይዛ ወደ እንግዳ ተቀባይነት ገባች። ዛሬ እዚያ የሚደረግ የስድስት ሰዓት ሽርሽር የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ስድስቱ ሰዓት እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። አከፋፈሉ ከተበላሸ ጎብኚው አገር ሳያይ ይመለሳል፣ ደሴቷም ታሪኳን ሳትናገር ትቀራለች። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቀማመጧ

ሴንት ኪትስ ከጎረቤቷ ከኔቪስ ጋር ሆና አንድ አገር ናት። ሁለቱም በብሪታንያ ሥር ነበሩ፤ ነጻ የወጡት በ1983 ነው። ተደምረው ስፋታቸው 261 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ሕዝባቸው 50 ሺህ አካባቢ ነው። በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ካሉት ነጻ አገሮች ሁሉ በስፋትም በሕዝብም ትንሿ ናት።

ሴንት ኪትስ ካርታ ላይ ስትታይ የተጠበሰ የዶሮ እግር ትመስላለች። ሥጋው ያለበት ወፍራም ክፍል በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። መሐሉ ላይ ሊያሙጋ የሚባል 1,156 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ቆሟል፤ አናቱን አብዛኛውን ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል። አጥንቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀጥኖ የወጣ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ደረቅ፣ ኮረብታማ፣ በሁለቱም ጎኑ ውሃ ያለበት።

ይህን መረዳት ለጉብኝቱ ትልቅ ነገር ነው። ታሪኩ ያለው በወፍራሙ በኩል ነው። ምሽጉ፣ የድሮ እርሻዎቹ፣ የፈረሱት የስኳር ወፍጮዎች እዚያ ናቸው። እዚያ ያለው አሸዋ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣና ጠቆር ያለ ነው፤ በአትላንቲክ በኩል ያለው ማዕበልም ለዋና አይመችም። ሰው ፎቶ ላይ አይቶ የሚመኘው ፈካ ያለ አሸዋና የረጋ ውሃ በቀጭኑ ጫፍ ነው ያለው። መርከቡ የሚቆመው በሁለቱ መካከል፣ በዋና ከተማዋ በባስቴር ነው። ስለዚህ አስጎብኚው ጠዋት ወደ አንዱ ጫፍ ሄዶ፣ በከተማዋ በኩል ተመልሶ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ መውጣት አለበት። አንዱ ጋ የተጨመረ ደቂቃ ከሌላው ላይ ይቀነሳል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አገዳው

በ1624 ቶማስ ዋርነር የሚባል እንግሊዛዊ ኦልድ ሮድ በሚባለው ቦታ ሰፈረ። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዮች መጡ። የደሴቷ ነባር ሕዝብ ካሊናጎዎች ነበሩ። በ1626 ሁለቱ አውሮፓውያን ተባብረው ብዙ ካሊናጎዎችን ጨፈጨፉ። ቦታው ዛሬም ብለዲ ፖይንት ይባላል፤ ከባስቴር ወደ ምሽጉ ሲኬድ መንገድ ላይ ነው። ሚኒባሱ በጥቂት ሰከንድ ያልፈዋል። ጥሩ አስጎብኚ ግን እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሰፋሪዎቹ መጀመሪያ የተከሉት ትምባሆ ነበር። በ1640ዎቹ ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞሩ። አገዳ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱን በባርነት ከአፍሪካ በተጫኑ ሰዎች ሞሉት። እሳተ ገሞራው የሰጠው አፈር ለም ስለነበር ከባህሩ ጠርዝ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ አገዳ ሆነ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ደሴቷን ተካፍለው ሲዋጉባት ቆዩ። በ1713 በዩትሬክት ስምምነት ሙሉ በሙሉ የእንግሊዝ ሆነች። ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 ነው፤ ግን "ሥልጠና" በሚል ሽፋን እስከ 1838 ድረስ ሰዎቹ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተገደዋል።

ከዚያም በኋላ አገዳው አልቀረም። የቀረው ሰንሰለቱ ነው፤ ደመወዙ ግን ሰው የሚያኖር አልነበረም። በጥር 1935 በእርሻዎቹ ላይ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ፣ በበክሊስ እርሻ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞተ። የደሴቷ የሠራተኞች ንቅናቄ የበረታው ከዚያ ወዲህ ነው። በስኳር ፋብሪካው ውስጥ የሠራው ሮበርት ብራድሾው ከዚህ ንቅናቄ ተነስቶ የአገሩ መሪ እስከ መሆን ደርሷል። በ1970ዎቹ አጋማሽም መንግሥት የአገዳውን መሬትና ፋብሪካውን ወረሰ።

ስለ ባቡሩ ትንሽ ልበል። ወንጂን ወይም መተሐራን ያየ ሰው አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ጊዜ እንደማይሰጥ ያውቃል። ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። በሴንት ኪትስ በፊት እያንዳንዱ እርሻ የራሱ ወፍጮና የአገዳ ጭማቂ ማፍያ ቤት ነበረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባስቴር ላይ አንድ ማዕከላዊ ፋብሪካ ተተከለ። ከደሴቷ ዙሪያ ያለውን አገዳ ሳይበላሽ እዚያ ለማድረስ ከ1912 እስከ 1926 ድረስ ደሴቷን የሚዞር ጠባብ ሃዲድ ተዘረጋ። በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት 76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በየሸለቆው የብረት ድልድይ ተሠራለት።

መጨረሻው ቀስ እያለ ነው የመጣው። የዓለም የስኳር ዋጋ ወረደ። አውሮፓ ለቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ትከፍል የነበረው የተሻለ ዋጋም የሚቀጥል አልሆነም። በትንሽ ደሴት፣ በተዳፋት መሬት ላይ፣ በእጅ የሚቆረጥ አገዳ ከብራዚል ሰፊ ሜዳ ጋር መወዳደር አይችልም። ኢንዱስትሪው ለዓመታት በኪሳራና በብድር ኖረ። የ2005 ምርት ተሰበሰበ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ከሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ሥራ አጡ።

እኔ መዘጋቱ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሥራው ወገብ የሚቆርጥ ነበር፤ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው አልነበረም። ግን ዕድሜውን ሙሉ አገዳ ሲቆርጥ ለኖረ የሃምሳ ዓመት ሰው "ከዛሬ ጀምሮ አገራችን የቱሪዝም አገር ናት" ሲሉት ምን ያድርግ? በሆቴል መስተንግዶ የሚቀጠረው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ ደሴቷን የሚዞር ሰው ብዙ ነገር ያያል።

ጠዋት

መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ በጠዋት ገብተው ወደ ማታ ይወጣሉ። የሚቆሙት ፖርት ዛንቴ በሚባለው ወደብ ነው፤ ከባህር ላይ ተሞልቶ በተገኘ መሬት የተሠራ ነው። ከመርከብ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት የጌጣጌጥና የሰዓት ሱቆችን ነው። እነሱን አልፎ ጥቂት መቶ እርምጃ ሲሄዱ ከተማው ይጀምራል።

ባስቴር ውስጥ ሰርከስ የሚባል አደባባይ አለ፤ መሐሉ ላይ አረንጓዴ የብረት ሰዓት ቆሟል። ሁሉም እዚያ ፎቶ ይነሳል። ይበልጥ መቆም የሚገባው ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ኢንዲፔንደንስ ስኩዌር ላይ ነው። ዛሬ ዛፍ፣ ሣርና ምንጭ ያለው ጸጥ ያለ መናፈሻ ነው። ድሮ ፖል ሞል ስኩዌር ይባል ነበር፤ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች የሚሸጡበት ቦታ ነበር። ስሙ የተቀየረው አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ግን አሥሩ ደቂቃ መሰጠት አለበት። ከመስኮት እያሳዩ ማለፍ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከከተማው በካሪቢያን በኩል ባለው መንገድ ሲወጡ በግራ ባህር፣ በቀኝ ድሮ አገዳ የነበረው ተዳፋት ነው። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። አሁን መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሷል፤ አንዳንዱ ላይ አትክልት አለ፣ አንዳንዱ ላይ አዲስ ቤት። በመካከሉ ከድንጋይ የተሠሩ የወፍጮ ማማዎችና ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ለብቻቸው ቆመዋል። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሹፌር ካጋጠመዎት ይህ መሬት አገዳ ለብሶ ሳለ በዓይኑ አይቶታል። ጠይቁት። ይህን የሚነግር ቅጂ በየስልካችን የለም።

ኦልድ ሮድ ላይ ወደ ተራራው ሲታጠፉ ሮምኒ ማነር አለ። የድሮ የእርሻ ባለቤቶች ቤት ነበር። አትክልቱ መሐል ላይ ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን የዘረጋ ግዙፍ የሳማን ዛፍ ቆሟል። ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ይባላል፤ ጥላው ብቻውን አንድ ሰፈር ሰው ያስጠልላል። ካሪቤል ባቲክ የሚባለው የጨርቅ ሥራ ያለው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ሱቁን ዞሮ መውጣት አይበቃም። ሠራተኞቹን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ተወጥሯል። አንዲት ሴት አፈ ጠባብ የሆነች ትንሽ መሣሪያ ውስጥ የቀለጠ ትኩስ ሰም ይዛ መስመር ትስላለች። እጇ ከቆመ ሰሙ ይንጠባጠባል፣ ከፈጠነ ይቋረጣል። ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይጠጣም። መጀመሪያ ቢጫ ውስጥ ይነከራል፤ ቢጫ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው በሰም ይሸፈናል፤ ከዚያ ወደ ጠቆር ያለው ቀለም ይሄዳል። እንዲህ እያለ ከፈካው ወደ ጠቆረው። በመጨረሻ ጨርቁ ሲቀቀል ሰሙ ሁሉ ቀልጦ ይወጣል፣ ሥዕሉ ብቻ ይቀራል። ሰሙ የተሰነጠቀበት ቦታ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ ጨርቁ በማሽን የታተመ እንዳልሆነ የሚለየው በዚያ ነው። ጥበቡ የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። ደሴቷ ላይ ሥር የሰደደው በ1970ዎቹ ነው። ከወደቡ ሱቆች አንድ ነገር ከመግዛት እዚህ ከምትሠራው እጅ መግዛት ይሻላል።

ምሽጉ

ብሪምስቶን ሂል ደሴቷ ላይ ካለው ሁሉ ትልቁ ነው። የጉብኝት ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። በጣም ያናድደኛል።

ኮረብታው ከባህሩ አጠገብ ብድግ ያለ ነው፤ ከፍታው ከ230 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ሹፌሩ በየመታጠፊያው ጥሩምባ እያሰማ ነው የሚወጣው፣ ከላይ የሚወርደው እንዲሰማ። ሚኒባሱ ከቆመ በኋላም ወደ ላይኛው ምሽግ የሚወስድ ቀጥ ያለ የድንጋይ መወጣጫ አለ። ፀሐዩ ከባድ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ታችኛው እርከን ላይ ቀርቶ ሙዚየሙንና እይታውን ሊያይ ይችላል።

እንግሊዞች መድፍ ወደዚህ ኮረብታ ማውጣት የጀመሩት በ1690 ነው። ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ተሠራ። የሠሩት በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ናቸው። ጠቆር ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈልጠው፣ ጠርበው፣ በዚያ ተዳፋት ላይ አወጡት። ማያያዣውን ኖራ ከኮረብታው ከራሱ የኖራ ድንጋይ አቃጥለው አወጡት። የግድግዳውን ማዕዘን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር እንዴት እንደተገጠመ ይታያል። የሠሩት ሰዎች ስም የትም አልተጻፈም። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው አንዱ ምክንያት ይኸው የአፍሪካውያኑ ሥራ ነበር።

በጥር 1782 ወደ 8,000 የሚሆኑ ፈረንሳዮች ደሴቷ ላይ ወረዱና ምሽጉን ከበቡ። ውስጥ የነበረው ጦር አንድ ሺህ ገደማ ነው። አንድ ወር ያህል ቆየ። የሚገርመው ወደ ላይ መውጣት የነበረባቸው ከባድ መድፎች ገና ከኮረብታው ግርጌ ተቀምጠው ነበር። ፈረንሳዮች ማረኳቸውና መልሰው በምሽጉ ላይ ተኮሱባቸው። በየካቲት ምሽጉ እጅ ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በቬርሳይ ስምምነት ደሴቷ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጦሩ ጥሎት ወጣ። ሰዎች ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ መውሰድ ጀመሩ። ጥገናው የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከላይ ሲቆሙ ሰማዩ ጥርት ካለ ሲንት ኡስታሺየስና ሳባ ደሴቶች ባህሩ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ወደ ኋላ ሲዞሩ ተራራው ነው፤ ከተራራው እስከ ምሽጉ ድረስ ድሮ አገዳ የነበረው መሬት ተዘርግቷል። ታሪኩ ሁሉ በአንድ እይታ ይገባል። ስኳሩ ባይኖር ምሽግ ለምን ያስፈልጋል? አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተው "ፎቶ ተነሱና ቶሎ ኑ" የሚሉ ጉብኝቶች አሉ። ከአንድ ሰዓት በታች የሚሰጠውን አልመክርም። ከመመዝገብ በፊት ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ምሽጉ ላይ ስንት ደቂቃ? "እንደ ሁኔታው" የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ሹፌር መፈለግ ነው።

ከምሽጉ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ደሴቷን ዙሮ በአትላንቲክ በኩል መመለስ ነው። መንገድ ላይ ብላክ ሮክስ የሚባል፣ ከተራራው የወረደ ገሞራ ባህር ውስጥ ገብቶ የጠጠረበት ጥቁር ቋጥኝ አለ፤ ማዕበሉ ሲመታው ደስ ይላል። ሌላው በመጡበት መንገድ ቀጥታ መመለስ ነው። ቀኑ አጭር ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምሽጉን አሳጥሮ ደሴቷን ለመዞር መሮጥ ትርፍ የለውም።

ባቡሩ

በ2003 በአገዳው ሃዲድ ላይ የጎብኚዎች ባቡር ጀመረ። ለሁለት ዓመት ያህል የአገዳ ባቡርና የጎብኚ ባቡር አንድ ሃዲድ ተጋሩ። ከ2005 በኋላ የጎብኚው ብቻ ቀረ። ፉርጎዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ ታችኛው አየር ማቀዝቀዣ ያለው፣ ላይኛው ክፍት። መጠጥ ይቀርባል፣ ያለ መሣሪያ የሚዘምሩ ዘማሪዎች በየፉርጎው ይዞራሉ። 29 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር፣ የቀረው 19 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ነው። ባጠቃላይ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ባቡሩ በየመንደሩ ጓሮ ያልፋል። ልብስ ከተሰጣበት፣ ፍየል ከታሰረችበት፣ ሕፃናት እጃቸውን ከሚያውለበልቡበት አጠገብ። ለእኔ ዋጋው ይኸው ነው፤ ከዋናው መንገድ ይህ አይታይም። ችግሩ ምሽጉ ጋ አይቆምም። ባቡርና ባህር ዳርቻ በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ምሽግና ባህር ዳርቻም ይሄዳሉ። ሦስቱን አንድ ላይ እናስገባለን የሚል ካለ ሁሉንም ያበላሸዋል።

ከሰዓት በኋላ

ከባስቴር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወጡ አገሩ ይለወጣል። ቲሞቲ ሂል ላይ ሁሉም ሚኒባስ ይቆማል። መሬቱ በጣም ስለሚጠብ በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላ በኩል የካሪቢያን ባህር በአንድ ጊዜ ይታያሉ። አንዱ ነጭ አረፋ የሚያነሳ፣ ሌላው የረጋ። ከዚህ ወዲያ ያለው የአስፋልት መንገድ የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ወደ እነዚህ ዳርቻዎች የሚደረሰው በጀልባ ወይም በእግር ነበር።

እዚሁ ላይ የሽንት ጨርቅ የታሰረላቸው ትናንሽ ጦጣዎች ይዘው "ፎቶ ተነሱ" የሚሉ ሰዎች አሉ። ጦጣዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ ከሦስት ክፍለ ዘመን በፊት በቅኝ ገዢዎቹ የመጡ ናቸው። በዱር ተራብተው ዛሬ ለገበሬው መከራ ሆነዋል፤ ማንጎውንም ድንቹንም ሳይበስል ይጨርሱታል። አገዳው ከቆመ በኋላ አትክልት ወደ መትከል የዞረው ሰው ዋና ጠላቱ ጦጣ ነው። ለፎቶው ባይከፈል ይሻላል ባይ ነኝ። ከእናቱ የተለየ እንስሳ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር መዋሉ ልክ አይደለም።

ዳርቻዎቹ ብዙ ናቸው። ሳውዝ ፍራያርስ ቤይ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ጊዜ ላጠረው ይመቻል። ኮክልሼል ቤይ መጨረሻው ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ባህር ተሻግሮ የኔቪስ ተራራ ፊት ለፊት ቆሟል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ውሃው ጥሩ ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም። ወንበርና ጃንጥላ ግን ይከራያሉ። ዋጋውን ከመቀመጥ በፊት መነጋገር፣ አሜሪካን ዶላር ይሁን የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው የሚመነዘረው፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ስለ ባህር ዳርቻው ሰዓት አንድ አቋም አለኝ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ልብስ መቀየሩና ወንበር መፈለጉ ይበላዋል። ጠዋቱን በደንብ ያየ ሰው ደግሞ ውሃው ውስጥ ሲገባ ድካሙም የተለየ ነው፣ ደስታውም የተለየ ነው። ዋናውን ጠዋት አድርጎ ታሪኩን ከሰዓት ማድረግ ግን አይሠራም። አሸዋ የነካው፣ ፀሐይ የመታው፣ ሩም የሚባለውን የአገዳ አረቄ የቀመሰ ሰው የምሽጉን መወጣጫ አይወጣም።

ከእኛ ወገን የሆነ ሰው እዚያ "ከየት ነህ?" ተብሎ "ከኢትዮጵያ" ቢል ጨዋታው ሊረዝም ይችላል። ራስ ተፈሪያውያን በሴንት ኪትስም አሉ፤ የአገራችን ስም ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህም የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ቢተርፍ መልካም ነው።

ገንዘቡና መርከቡ

ጉብኝቱን ሁለት መንገድ መያዝ ይቻላል። በመርከቡ በኩል ወይም በቀጥታ ከሹፌር ጋር። በመርከቡ በኩል ሲሆን ዋጋው ይጨምራል፣ ከተከፈለው ላይም መርከቡ ድርሻውን ይወስዳል። በልዋጩ አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በቀጥታ ሲሆን ገንዘቡ በአብዛኛው እዚያው ደሴቷ ላይ ይቀራል፤ ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የራሱ መኪና ያለው ሰው ነው። ታክሲዎቹ ቢጫ ሰሌዳ አላቸው፣ ታሪፉም በመንግሥት የተወሰነ ነው። አራት አምስት ሰው ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ይረክሳል፣ ምሽጉ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙም ራሳቸው ይወስናሉ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ግን መርከቡ ከሚያስቀምጠው የመሳፈሪያ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ ወደብ መድረስ ግዴታ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ከፍሎሪዳ የተነሳ መርከብ የማያሚን ሰዓት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በአሜሪካ የብርድ ወቅት የደሴቷ ሰዓት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልክ ራሱን ሲያስተካክል ሰው ይምታታል። የመርከቡን ሰዓት በእጅ ሰዓት ይዞ መውረድ ነው።

ከኮቪድ በፊት በአንድ የመርከብ ወቅት ከሚሊዮን በላይ መንገደኛ ወደ ሴንት ኪትስ መጥቷል። 50 ሺህ ሕዝብ ላለው አገር ይህ ብዙ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ትልልቅ መርከብ ሲቆም ኮረብታው መንገድ በሚኒባስ ይሞላል፣ ሮምኒ ማነር መቆሚያ ያጣል። በመጋቢት 2020 ደግሞ መርከቦቹ በአንድ ጊዜ ቆሙ። ሹፌሩ፣ ዘማሪዋ፣ ወንበር አከራዩ፣ ሰም የምትስለው ሴት ሁሉም ከአንድ ምንጭ ነበር የሚጠጡት። አገዳ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አገር ዋጋ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ደሴቷ በደንብ ታውቅ ነበር። መርከብ ላይ ብቻ መንጠልጠልም ያው እንደሆነ በዚያ ዓመት ታየ።

መርከቦቹ ተመልሰዋል። በወደቡም ሁለተኛ መቆሚያ አለ። የአገዳው መሬት ግን ብዙው አሁንም ሣር ነው። መንግሥት ምግብ እንዲመረትበት ይፈልጋል፤ ደሴቷ የምትበላውን አብዛኛውን ከውጭ ነው የምታስገባው። በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ደግሞ የሀብታም መርከብ መቆሚያና ውድ ቤቶች ተሠርተዋል። ቀኑን ሙሉ ለሚያዞር ሹፌር ከክፍያው ሌላ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ምሳ አብሮ መጋበዝም ያስደስታል። ምሳውን ከመርከቡ ይዞ ከመሄድ መንደር ውስጥ ባለ ትንሽ ቤት የፍየል ወጥ ወይም የጨው ዓሣ ቢበላ ገንዘቡ ለዚያ ሰፈር ይቀራል።